ከውጭ የመጣውን ሾፌር መንገድ ላይ ፈትኑልን

ግልጽ ደብዳቤ

በሶማሌ ክልል የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ለሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣
ለፌዴራል ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣
እንዲሁም ለጅግጅጋ ሕዝብ

ጉዳዩ፦ በውጭ ሀገር ለብዙ ዓመት ያሽከረከሩ ወገኖች የሀገር ውስጥ መንጃ ፈቃድ ስለሚያገኙበት መንገድ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ጅግጅጋ ውስጥ መኪና መንዳት ሳስተምር የኖርኩ አሠልጣኝ ነኝ። ከዚያ በፊት በሐረር መስመር የጭነት መኪና ነድቻለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በውጭ ሀገር ብዙ ዓመት አሽከርክሮ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ፣ ካርዱ ላይ ስንት ማኅተም እንዳረፈ ከመቁጠራችሁ በፊት መሪ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ እዩለት። ፈተና ይቅርለት አላልኩም። ይፈተን፤ ደግሞ በደንብ ይፈተን። ግን እዚሁ ጅግጅጋ፣ በእኛው መንገድ ላይ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆለት ይፈተን።

ጉዳዩ ለምን ከሌላው ከተማ ይልቅ እዚህ እንደሚከብድ ላስረዳ። ጅግጅጋ ሕዝቧ ሄዶ የሚመለስባት ከተማ ናት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ከዚህ አካባቢ ወደ ሶማሊያ ከተሰደደው ወገን ብዙው፣ በጥር 1983 የሞቃዲሾ መንግሥት ሲፈርስ ተመልሶ ገባ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ስትደበደብ ደግሞ የዚያ ማዶ ሕዝብ ወደ እኛ ፈለሰ። ሀርቲሼክ ላይ የሰፈረበት ካምፕ በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ይባል ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ጆሃንስበርግ፣ ዕድል የቀናውም ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ወደ ቶሮንቶና ወደ ለንደን ሄደ። አሁን የሚመለሰው ብዙ ነው። አንዱ ሆቴል ይከፍታል፣ አንዱ ክሊኒክ ያቋቁማል፣ አንዷ እናቷን ልትጦር ትመጣለች። በሄዱበት ሀገር እንጀራቸውን ያገኙት በመሪ ላይ የሆኑም ጥቂት አይደሉም፤ የታክሲ ሾፌሮች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ እናቶች አሉባቸው። ከአውሮፕላን በወረዱ በሳምንቱ ወደ እኛ ማሠልጠኛ ብቅ ይሉና፣ «አዴር (አጎቴ)፣ እኔ መማር አልፈልግም፣ መንዳት እችላለሁ፤ ፈቃዱን እንዴት ነው የማገኘው?» ብለው ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው መልስ ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ።

ሕጉ በሩን አልዘጋባቸውም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የውጭ ሀገር ፈቃድ ለያዘ ሰው ቦታ ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ የሌላ ሀገር ዜግነት የያዘውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዱን ይዞ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲኖርና እንዲሠራ ፈቅዶለታል። የሀገሪቱ ሐሳብ «ና፣ ግባ፣ ሥራ» ነው። ችግሩ ያለው ከሕጉ እስከ አገልግሎት መስኮቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ካርዱ መጀመሪያ በሰጠው ሀገር መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኤምባሲ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይፈልጋል፤ ከዚያ ትርጉም ይቀጥላል። ኤምባሲዎቹ ያሉት ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው አዲስ አበባ ነው። ከመምጣቱ በፊት ይህን የነገረው ሰው የሌለ ተመላሽ፣ ካርዱን በፖስታ ወደ ሄደበት ሀገር መልሶ ይልካል፤ ወይም ለዚሁ ሲል ራሱ ተመልሶ ይበራል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውን ደብተር ይዞ የሚመጣም አለ። ያ ደብተር የዋናው ካርድ ትርጉም እንደሆነና የሚያገለግለውም ለጎብኚ እንደሆነ ሲነገረው የተታለለ ይመስለዋል።

አሁን እስቲ ያ ሁሉ ማኅተም ምን እንደሚነግረን እናስብ። የሚነግረን ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ብቻ ነው። ባለካርዱ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ መኪና ነድቶ ይሁን አይሁን አይነግረንም። ዓይኑ ዛሬ እንዴት እንደሆነ አይነግረንም። በግራ መስመር ሲነዳ የኖረ መሆኑን፣ ማርሽ መቀየር ይችል እንደሆነ፣ ሌሊት ግመል መሐል መንገድ ላይ ቆማ ብታገኘው ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ብዙ ወር የፈጀ ማረጋገጫ ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ስለ አነዳዱ የምናውቀው ገና አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ከምናውቀው አይበልጥም።

ይህ አሠራር መንገዳችንን አደገኛ ያደርገዋል ብል አታጋንን አትበሉኝ። አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። አሜሪካ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ተሳቢ በበረዶ ላይ ሲነዳ ነው የኖረው። ተመልሶ መጣ፣ መጋዘን ከፈተ፣ መኪና ገዛ። ማኅተሙ ስላልተሟላለት ሾፌር ቀጠረ። የተቀጠረው ልጅ በቅርብ ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የካራማራን ተራራ በዝናብ ወርዶ አያውቅም ነበር። ሰውየው ከጎኑ ተቀምጦ «ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን ላይ አትቁም፣ ከፊትህ ካለው ራቅ በል» እያለ ይመራዋል። በሕግ ፊት ሾፌሩ ልጁ ነው። ከሁለቱ ማንን መሪ ላይ ማየት እንደምትመርጡ እናንተም ታውቁታላችሁ። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሌላው ደግሞ ያለ ፈቃድ ይነዳል። ትራፊክ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል፤ አደጋ ቢደርስበት ኢንሹራንስ እንደማይከፍልለት እያወቀ ይነዳል። ሦስተኛው ደላላ ይፈልጋል። ደላላው የሚያመጣለት ወረቀት ላይ ማኅተሙ ሁሉ የተሟላ ነው።

ማኅተሙን ፈጽሞ ሊያገኙት የማይችሉ ሰዎችም አሉ፤ ልቤን ይበልጥ የሚያመኝ የእነሱ ነገር ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከመካከላቸው የቤት ሾፌር ሆነው ልጆችን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ የኖሩ ነበሩ። ከመንገድ ወይም ከቤት ተይዞ በማቆያ በኩል የተመለሰ ሰው መንጃ ፈቃዱን ከሻንጣው ጋር እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። ሳዑዲ ተመለስና አረጋግጠህ አምጣ ማለት ተወው፣ አታገኘውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላም በየጊዜው የተመለሱት ያው ናቸው። ከ1983 ዓ.ም. በፊት ሞቃዲሾ ላይ ፈቃድ አውጥተው ከሞቃዲሾ ባይደዋ፣ ከባይደዋ ኪስማዮ ጭነት ያመላለሱ አዛውንቶች ደግሞ ዛሬ ቀብሪበያህና አውበሬ በስደተኛ መጠለያ ይኖራሉ። ፈቃዱን የሰጣቸው መሥሪያ ቤት መዝገቡም ሕንፃውም ጠፍቷል። ማን ያረጋግጥላቸው? አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በወጣ ጊዜ ስደተኞች መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንዲችሉ መፍቀዱ ብዙ የተነገረለት ነገር ነበር፤ እኛም አሠልጣኞች ደስ ብሎን ነበር። መብቱ በጽሑፍ አለ። ያ መብት ግን የጠፋ መዝገብ ማስረጃ ለሚጠየቅ ሰው ምንም አልሠራለትም።

የሐርጌሳውን፣ ማለትም የሶማሌላንዱን፣ ካርድ ነገርም ሳላነሳ ባልፍ እንደፈራሁ ይቆጠርብኝ ነበር። ድንበር ላይ ያለችው ቶጎ ውጫሌ ከጅግጅጋ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት የሚመለስ ነጋዴ ሞልቷል፤ ወንድም በዚህ እህት በዚያ ማዶ ነው የሚኖሩት። በርበራ ላይ አዲሱ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በዚያ መስመር ሥራ እናገኛለን ብለው ተስፋ ያደረጉ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። ሐርጌሳ የተሰጠ ካርድ እዚህ ምን ዋጋ እንዳለው ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄው ከመኪና ወጥቶ ወደ መንግሥታት ዕውቅና ይገባል። እኔ የዲፕሎማሲ ሰው አይደለሁም። የማውቀው ይህን ነው፦ ሰውየውን መንገድ ላይ ከፈተናችሁት የማንንም መንግሥት ማኅተም መቀበልም መንቀፍም አያስፈልጋችሁም። ፈቃዱን የምትሰጡት ዓይናችሁ ባየው ችሎታ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ፤ ተመላሾቹ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን ክፍል ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው እለምናለሁ። ሃያ ዓመት መንዳት ጅግጅጋ ላይ መንዳት ማለት አይደለም። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

ከለንደን፣ ከናይሮቢና ከጆሃንስበርግ የሚመጣው በግራ መስመር የኖረ ሰው ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ከፊቱ ሌላ መኪና እያየ፣ በቀኝ መሄድ አያቅተውም። የሚሳሳተው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ በማለዳ ከግቢው ሲወጣ፣ አደባባይ ሲገባ፣ እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል። መንገድ ለመሻገር የሚመለከተውም በተሳሳተ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ራሷ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መስመር ወደ ቀኝ ስትዛወር የዚያ ዘመን ሾፌር ሁሉ ያለፈበት ጣጣ ነው፤ ልማድ በአዋጅ አይለቅም። ከሐርጌሳ የሚመጣው ደግሞ በቀኝ መስመር ይነዳል፣ መሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው። መሪው በቀኝ ያለ መኪና በቀኝ መስመር ሲሄድ፣ ሾፌሩ ለመቅደም ከፊቱ ካለው አይሱዙ ኋላ ሆኖ የሚመጣውን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ረዳቱን ወይም ከጎኑ ያለውን ሰው «ነጻ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። መሪው በግራ ወዳለ መኪና ሲዛወር ዓይኑን እንደገና ማስተማር አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙው አውቶማቲክ ብቻ ነው የነዳው። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ እግሩ ግን አያውቀውም። ማርሽ ያለው ፒክአፕ ዳገት ላይ ሲቆምበት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ኋላው ደግሞ ባጃጅ ተጠግቶ ቆሟል።

ከሁሉም በላይ መንገዱ ራሱ አለ። ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ካራማራን አቋርጦ፣ በፋፈን ሸለቆ ወርዶ፣ በባቢሌ ድንጋዮች መካከል ያልፋል። ጠመዝማዛ ነው፤ ፍሬኑ የጋለ ተሳቢ ከላይ እየወረደ፣ ጭነት የከበደው ሌላው ከታች እያቃሰተ የሚገናኙበት ነው። ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ደገሃቡር የሚወስዱት ደግሞ ሜዳ ላይ የተዘረጉ ቀጥ ያሉ መንገዶች ናቸው። ቀጥ ያለ መንገድ ያታልላል። ከአወዳይ ጫት የጫነው ፒክአፕ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ እየበረረ ይመጣል። ለእሱ መንገድ መልቀቅ ሽንፈት አይደለም፤ እዚህ የኖረ ሾፌር ገና ከሩቅ በስፖኪዮ ሲያየው ጥግ ይይዝለታል። ከሚኒያፖሊስ የመጣው ግን የመስመሬ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ይሄዳል። በሕግ ልክ ሊሆን ይችላል። ሕጉን ማክበር ያለበትም ያ ፒክአፕ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይገባ ነበር። እስከዚያው ግን ሰው በሕይወት ቤቱ መግባት አለበት።

ግመል ከፍየል የተለየች ናት። ፍየል ክላክስ ስትሰማ ትሸሻለች። ግመል አትቸኩልም፤ የፊተኛዋ ከተሻገረች የኋለኞቹ ይከተሏታል፣ ስለዚህ አንዷ አለፈች ብሎ ነዳጅ መስጠት ከሁለተኛዋ ጋር መጋጨት ነው። እግሯ ረጅም ስለሆነ መኪናው እግሯን ሲመታት አካሏ በመስታወቱ በኩል ሾፌሩ ላይ ይወድቃል። ሌሊት ዓይኗ ከመብራቱ በላይ ስለሚሆን እንደ በግ ዓይን አብርቶ አያስጠነቅቅም። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ አይሰጥም። ምሽት ላይ የኋላ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፣ ተበላሽቶ አስፋልት ላይ የቆመና በድንጋይ ብቻ ምልክት የተደረገበት ሲኖትራክ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ፣ ከመስጊድ ሲወጣ መንገዱን ሞልቶ የሚሄድ ሕዝብ፣ ሁሉም ትምህርት ይፈልጋሉ። አደጋ ቢደርስ ደግሞ አምቡላንስ ሜዳው መሐል በደቂቃ አይደርስም።

ስለዚህ ማኅተሙ የተሟላለትን ተመላሽ በበቂ ሳንፈትን ካርዱን ብቻ ለውጠን የምንሸኘው ከሆነ እሱን ራሱን እንበድለዋለን። ወረቀቱ ላልተሟላለት በሩ ይዘጋል፣ ለተሟላለት ደግሞ ያለ በቂ ፈተና ይከፈታል። በሁለቱም በኩል ያልታየው ነገር አንድ ነው፤ አነዳዱ።

ሌሎች ሀገሮች ይህን እንዴት እንዳደረጉት ተመላሾቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ አብዛኞቹ ወደዚያ ሲሄዱ አልፈውበታል። በሶማሌ ሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ በሆነችው ሚኒሶታ፣ ከሌላ ሀገር ፈቃድ ይዞ የሚመጣ አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ የግዛቲቱን ፈቃድ ማመልከት አለበት። ከኢትዮጵያ የሄደውን የጽሑፍ ፈተና፣ የዓይን ምርመራና የመንገድ ፈተና ይጠብቁታል። የጽሑፍ ፈተናው በሶማሊኛም ይሰጣል። ከጅግጅጋ የሄደች እናት በገዛ ቋንቋዋ ተፈትና ፈቃድ የምታወጣው እዚያ ነው። ብሪታንያ ከኢትዮጵያ ለመጣ ነዋሪ 12 ወር እንዲነዳ ትፈቅድለታለች፤ ከዚያ እንደ ማንም ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ዱባይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. «ወርቃማ ዕድል» የሚባል አሠራር ጀመረች። ፈቃዱ በቀጥታ ከማይለወጥለት ሀገር የመጣ ልምድ ያለው ሾፌር፣ ሥልጠና ሳይገባ ፈተናውን አንድ ጊዜ ይሞክራል። ካለፈ ፈቃዱን ይወስዳል። ከወደቀ እንደ ጀማሪ ሠልጥኖ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ቢሆን፣ አንድ ሰው መኖሪያውን ወደ ሌላ ሀገር ካዛወረ ያ ሀገር የቀድሞ ፈቃዱን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ተመላሽን መፈተን እሱን መድፈር አይደለም፤ ብዙ ሀገር የሚያደርገው ነው። ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚስማማ የሚመስለኝ የዱባዩ ነው። ልምድ ያለውን ሰው ያከብራል፣ የሚፎክረውንም በአንድ ቀን ይለያል።

ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ የሀገራችን ቁስል እንደሆነ አውቃለሁ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ማኅተም ሲጠይቅ ሰውን ለማንገላታት ብቻ አይደለም፤ ነገ አደጋ ደርሶ «ማን ነው ለዚህ ሰው ፈቃድ የሰጠው?» ሲባል ማኅተሙ መከታ ይሆነዋል። ይህን መከታ አንሱበት አልልም፤ የተሻለ መከታ ስጡት ነው የምለው። ሦስት ፈታኞች የፈረሙበት የመንገድ ፈተና ውጤት ከማንኛውም ማኅተም በላይ ይከላከልለታል። የአመልካቹን ማንነት ለማወቅ ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ አለ። የውጭውን ካርድ ትክክለኛነት ለማየትም ዘመኑ ብዙ አቅልሏል። የብሪታንያ ፈቃድ ያለው ሰው ለምሳሌ ከሀገሪቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለ21 ቀን የሚያገለግል ኮድ አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል፤ ያ ሰው ኮዱን አስገብቶ ፈቃዱ የጸና መሆኑንና የቅጣት ነጥብ ካለበትም እዚያው ያያል። ኤምባሲ ደጃፍ መሰለፍ ሳይኖር፣ ጅግጅጋ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከሚኒስቴሩ የምጠይቀው መመሪያ ነው። ክልሎች የፌዴራሉን መስፈርት በራሳቸው መለወጥ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ጅግጅጋ ያለው ኃላፊ ልቡ ቢራራም እጁ የታሰረ ነው። መመሪያው ለአውቶሞቢል ምድብ ብቻ እንዲህ ቢል ይበቃኛል፦ በውጭ ሀገር ማሽከርከሩን በማንኛውም ተዓማኒ ማስረጃ ያሳየ፣ ወይም በስደትና በመንግሥት መፍረስ ምክንያት ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለ አመልካች፣ የሥልጠና ሰዓት ሳይጠየቅ በቀጥታ ለጤና ምርመራ፣ ለንድፈ ሐሳብና ለመንገድ ፈተና ይቅረብ። አንዴ ከወደቀ ማሠልጠኛ ይግባ። ሕዝብ ማመላለሻ፣ ከባድ ጭነትና የነዳጅ ቦቴ ላይ ግን አትላሉ። ሃምሳ ሰው ጭኖ ካራማራን የሚወርድ ሾፌር ሰነዱም ተጣርቶ፣ እጁም ተፈትኖ፣ መጀመሪያ በአነስተኛ መኪና እዚህ ጊዜ አሳልፎ ቢሆን ነው የምወደው። ተሳቢ ሲነዳ የኖረው ወዳጄ በዚህ ይከፋብኝ ይሆናል፤ ነግሬዋለሁ።

ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች የምጠይቀው ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ልታደርጉት የምትችሉት ነው። የሚጠየቀውን ሰነድ ሁሉ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ በኢንተርኔትም አውጡት። ሚኒያፖሊስ ያለው ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ያንብበው፣ ምን አረጋግጦ መምጣት እንዳለበት ይወቅ። ይህ ብቻ ቢደረግ ከእንግልቱ ትልቁ ክፍል ይቀራል፤ ደላላውም ከበር ላይ ይነሣል፣ የሚሸጠው ሰው የማያውቀውን ነገር ማወቁን ነውና። ከዚያ የመንገድ ፈተናውን ከሜዳ አውጡት። በኮን መካከል ወደ ኋላ መሄድ ለጀማሪ ነው። ተመላሹን ገበያ መሐል በባጃጅ መካከል አሳልፉት፣ ዳገት ላይ አስቁማችሁ አስነሡት፣ በቶጎ ውጫሌ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ውሰዱት፣ ወደ ካራማራ አውጥታችሁ አውርዱት። ከፈተናው በፊትም ግማሽ ቀን ስለ መንገዳችን የሚማርበት ክፍል ይኑር። እረኛም፣ የረጅም መስመር ሾፌርም፣ ትራፊክ ፖሊስም መጥተው ይንገሩት።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በሄዱበት ሀገር አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ እናቶች እዚህ ሲመጡ ፈቃድ የሚጠይቁት ከወንዶቹ ባነሰ ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ማኅተም አልተሟላም ሲባሉ ወንድማቸው ወይም ልጃቸው እንዲነዳላቸው ትተውት ይሄዳሉ። አነዳዳቸውን አይቻለሁ፤ ልጅ ጭኖ የኖረ ሰው አነዳድ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ከፊት ራቅ ብሎ የሚያይ። የከተማችን ወጣት ባጃጅ ነጂ ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ቢውል ብዙ ይማር ነበር። አገልግሎት መስኮቱ ላይ በትዕግሥት እንድታስተናግዷቸው እለምናለሁ።

እኛ አሠልጣኞች ከዚህ ሥራ ጥቅም እንደሚጎድልብን ይታወቅልን። ልምድ ያለው ተመላሽ ሙሉ ሥልጠና እንዲከፍል ቢገደድ ገንዘቡ ለእኛ ነው የሚገባው። ቢሆንም መንዳት የሚችልን ሰው መሪ እንዴት እንደሚያዝ ላስተምር ብዬ ክፍያ መቀበል አይዋጥልኝም፤ ያንን ሰዓት ምንም ለማያውቀው ለአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ብሰጠው ይሻላል። ስለ መንገዳችን የሚሰጠውን የግማሽ ቀን ትምህርት ያለ ክፍያ ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩትን አነጋግሬ እሺ ያሉኝ አሉ። መሥሪያ ቤታችሁ የፈተናውን ቀን ይወስን፣ ፈታኞቹን ይመድብ፤ ማርሽ ያለውን መኪናዬን ፍሬኑንና መብራቱን አስፈትሼ ለመጀመሪያው ዙር አቀርባለሁ።



የአሽከርካሪዎች አሠልጣኝ
ጅግጅጋ